ከታወሩ ሥር ያለው ሰው

ጅማ ላይ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «የእኛ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ጋ?» አንዱ በር ላይ ወጥቶ የጎረቤቱን መስኮት ያያል። ሌላው ፈረንጅ አራዳ ላለ ዘመዱ ይደውላል። የእኛ ብቻ ከሆነ ፊውዝ ነው፤ ወይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። ሁሉም ጋ ከሆነ ጥያቄው ይቀጥላል። አጋሮስ? በደሌስ? ቦንጋስ? እዚያም ከሌለ ሰው ሻማውን ለኩሶ ይቀመጣል። ዋናው መስመር ነዋ! የዋናው መስመር ነገር ደግሞ በአንድ ስልክ የሚያልቅ አይደለም።

ስለዚህ ዋና መስመር ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። የተማርኩት ኤሌክትሪክ ነው፤ የማስተምረውም እሱኑ ነው። ስለ ግድብ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተዘፍኗል፣ ይገባዋልም። ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አልቅሻለሁ። ግን ግድብ አንድ ቦታ ላይ ያለ ነገር ነው። በር አለው፣ ጥበቃ አለው። መስመር መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በሰው ማሳና በጫካ መሀል የሚሄድ ነገር ነው። አጥር አታጥርለትም። ሰላም በራቀው አካባቢ ደግሞ አገር ውስጥ ካለው መሠረተ ልማት ሁሉ እንደሱ የተጋለጠ የለም።

የኔ እምነት ይኼ ነው፦ መስመርን የሚጠብቀው ከሥሩ የሚኖረው ሰው ነው። እሱ ምንም ካላገኘበት ማንም ሊጠብቀው አይችልም።

እኛ ጅማዎች የትልልቅ ኃይል ማመንጫዎች ጎረቤት ነን። ወደ አዲስ አበባ ስትወጣ ሰርቦን አልፈህ አሰንዳቦና ደነባ ስትደርስ የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ አካባቢ ነህ። 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ሥራ የጀመረው በ1996 ነው። ተርባይኑን ያዞረው ውኃ እዚያ አያበቃም። በፎፋ ተራራ ውስጥ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርድና ግልገል ጊቤ ሁለትን ያዞራል። እሱ 420 ሜጋ ዋት ነው፤ የተመረቀው ጥር 2002 ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጊቤ ሦስት አለ፤ 1870 ሜጋ ዋት፣ ታኅሣሥ 2009። ሦስቱ ሲደመሩ 2474 ሜጋ ዋት ይመጣሉ። ለመጀመሪያው ግድብ ሐይቅ ሲባል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። ይኼንን የማነሣው ግድቡ ባልተሠራ ለማለት አይደለም። አካባቢው ለአገር የከፈለውን ማወቅ ስላለብን ነው።

በዚያው ወገን ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ከአንድ አባት ጋር ስንጫወት ነበር። ጨዋታው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከጓሯቸው በላይ የከፍተኛ ኃይል መስመር ያልፋል። ከቤታቸው ጣሪያ ላይ ደግሞ መጽሐፍ የምታክል የሶላር ፓናል አለች። ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ማታ አንድ አምፖል ታበራለች። የኤሌክትሪክ ሰው መሆኔን ሲሰሙ ወደ ላይ በከዘራቸው አመለከቱ።

«ልጄ፣ ይኼ ሽቦ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ አዲስ አበባ ነው አባቴ።»

«እኛ ጋ መቼ ነው የሚቆመው?»

እሳቸው ይኼን ሲሉ አልተቆጡም። የምር ነው የጠየቁኝ። ክረምት ላይ ሲዘንብ ሽቦው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ እንደሚያድርና የልጅ ልጆቻቸው ፈርተው እንደነበር ነገሩኝ። ድምፁ የሚመጣው በእርጥበት ጊዜ ሽቦው ዙሪያ ያለው አየር ኤሌክትሪኩን መቋቋም ሲያቅተው ነው። አያስፈራም አልኳቸው። ለጥያቄያቸው ግን የሰጠሁት መልስ ለራሴም አልጣመኝም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ኃይል ሩቅ ስትልክ ቮልቱን ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል በሽቦው የሚሄደው ከረንት ይቀንሳል። ብክነቱ ደግሞ የሚያድገው ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። 100 ሜጋ ዋት በ15 ኪሎ ቮልት ብትልክ በእያንዳንዱ ሽቦ 3850 አምፔር ገደማ ይሄዳል። በ230 ኪሎ ቮልት ስትልከው ወደ 250 አምፔር ይወርዳል። ሽቦው አንድ ዓይነት ቢሆን የብክነቱ ልዩነት ከ230 እጥፍ በላይ ነው። ለዚህ ነው ዋና ዋና መስመሮቻችን 230 እና 400 ኪሎ ቮልት የሆኑት። ከጉባ ተነሥቶ በደዴሳ በኩል ሆለታ የሚገባው የሕዳሴ መስመር ደግሞ 500 ኪሎ ቮልት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። 230 ሺህ ቮልትን ቤት ውስጥ ወደምንጠቀምበት 220 ለማውረድ ሰብስቴሽን ያስፈልጋል። ግዙፍ ትራንስፎርመር፣ ብሬከር፣ መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ሌት ተቀን ተረኛ ይፈልጋል። ከሰብስቴሽኑ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ወጥቶ፣ መንደር ሲደርስ እንደገና በትንሽ ትራንስፎርመር ይወርዳል። ለአንድ መንደር አምፖልና ወፍጮ ሲባል ያን ሁሉ መሥራት አያዋጣም ይላል ሒሳቡ። ሥራውም ለሁለት የተከፈለ ነው። ከ2006 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በዋና መስመር ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለተጠቃሚው ያከፋፍላል። ዋናውን ሽቦ የተሸከመው የብረት ታወር የአንዱ ነው፣ የመንደሩ ምሰሶ የሌላው። በጀታቸውም፣ ዕቅዳቸውም፣ አበዳሪያቸውም ይለያያል። እኚህ አባት ግን ይኼን የመለየት ግዴታ የለባቸውም። ለሳቸው ሁሉም መብራት ኃይል ነው፤ መብራት ኃይል ደግሞ በጓሯቸው አልፎ ሄዷል።

ሒሳቡ ስሕተት የለበትም። ያልቆጠረው ነገር አለ እንጂ። መስመሩ በሰላም ውሎ የሚያድረው በማን ይሁንታ እንደሆነ አልቆጠረም።

የመስመር ሥራ ከብረቱ በፊት የሚጀምረው በወሰን ማስከበር ነው። መሐንዲስ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። መሬት ላይ ስትወርድ ያ መስመር የሰው ጤፍ ነው፣ የሰው መቃብር ነው፣ የሰው ቡና ነው። በጅማ ዞን ይኼ ጉዳይ የራሱ መልክ አለው። ቡና ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከሽቦው ሥር ቢኖር ችግር የለውም ይባላል። የማይፈቀደው ረጃጅሙ ዛፍ ነው። ረጃጅሙ ዛፍ ግን የቡናው ጥላ ነው፤ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው። ጥላውን ቆርጠህ ቡናውን አልነካሁም ማለት አትችልም። ጥላ ለምዶ የኖረ ቡና ፀሐይ ድንገት ሲያገኘው ቅጠሉ ይገረጣል። አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራና በቀጣዩ ቅርንጫፉ መድረቅ ይጀምራል። ገበሬው ይኼን ያውቃል። የካሳ ቆጣሪው የሚመዘግበው ግን የተቆረጠውን ግንድ ነው። ቀስ በቀስ የሚሞተው ቡና ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።

ሕጉ አልተሻሻለም ማለቴ አይደለም። በድሮው አዋጅ 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚያጣ አርሶ አደር የሚከፈለው በአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ተሰልቶ 10 እጥፍ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛዋል። ትልቅ ለውጥ ነው። ችግሩ መስመር ብዙውን መሬት አይወስድም። የታወሩን አራት እግር ያህል ይወስድና የቀረውን አንቆ ይይዘዋል። ቤት አትሠራበትም፣ ዛፍ አትተክልበትም፣ ግን ያንተው ነው። ገንዘቡ ሲዘገይ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አንድ ሰው «ካሳዬን ሳላገኝ አትቆፍሩም» ብሎ ቢቀመጥ ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም ያሉት ታወሮች ቆመው ሥራው ይቆማል። ሽቦ ታወር መዝለል አይችልም። ይኼን ሰው «የልማት ዕንቅፋት» ሲሉት እሰማለሁ፤ ያናድደኛል። መብቱን ነው የጠየቀው።

ሰላም ባለበት ጊዜ እንዲህ ያለ ቅሬታ ቀበሌ ይገባል፣ ወረዳ ይገባል፣ ሽማግሌ ይዳኘዋል። ሰላም ሲጠፋ ቅሬታው የሚሄድበት በር ይዘጋል። ታወሩ ግን እዚያው ቆሟል፤ ማንም አይጠብቀውም፤ ብረቱ ዋጋ ያወጣል።

ስለ ታወር ስርቆት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በየጊዜው ማስጠንቀቂያ ያወጣል። እንዴት እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ታወር በቡሎን የተያያዙ አንግል ብረቶች ስብስብ ነው። አራቱ ዋና እግሮች ክብደቱን ይሸከማሉ። በመሀላቸው በአግድምና በሰያፍ የሚያልፉት ቀጫጭን ብረቶች እግሮቹ እንዳይታጠፉ ይይዟቸዋል። ሌባ የሚፈታው እነዚህን ነው፤ ያውም እጁ የሚደርስባቸውን፣ ከታች ያሉትን። ታወሩ በዚያ ቀን አይወድቅም። ሳምንትም፣ ወርም ሊቆም ይችላል። ከሩቅ ስታየው ደህና ነው። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት ኃይለኛ ንፋስ ይመጣና እግሩ ይታጠፋል። ብቻውን ቢወድቅ ጥሩ ነበር። ሽቦው በኃይል የተወጠረ ስለሆነ ጎረቤቱን ይጎትታል፤ ጎረቤቱም ቀጣዩን። መስመሩ ጠንከር ያለ የማዕዘን ታወር ላይ እስኪደርስ ድረስ ተከታትለው ይተኛሉ። ብረቱ ብየዳ ቤት ገብቶ የበር ፍሬም ይሆናል። የአንድ በር ብረት ስንት ከተማ እንዳጨለመ የሸጠውም የገዛውም አያውቁም።

ይኼ ተራው ስርቆት ነው። ጦርነት ሲጨመርበት ሽቦው በጥይት ይበጠሳል፣ ሽቦውን ከታወሩ ብረት የሚለዩት ስኒዎች ይሰባበራሉ፣ አንዳንዴም ሆን ተብሎ ይመታል። ከሁሉ የከፋው ግን ጠጋኝ መግባት አለመቻሉ ነው።

አንድ የመስመር ሠራተኛ ወዳጅ አለኝ። ዓመታት ምዕራቡን ሲዞር ነው የኖረው፤ ወለጋንም፣ ኢሉባቦርንም ያውቀዋል። ጅማ ሲመጣ ቡና እንጠጣለን። ከታወር ላይ መውጣት ይፈራ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ከፍታውን ለምደነዋል» አለኝ። «ሌላው ነው የሚከብደው። ታወር ላይ ስትወጣ ከአራቱም አቅጣጫ ትታያለህ። የሚያይህ ሰው ግን አንተ ማን እንደሆንክ አያውቅም።»

እነሱ ቡድን ውስጥ አረንጓዴ የዝናብ ልብስ የሚለብስ የለም። ዝናብ ቢዘንብም ብርቱካናማ ሰደርያ ነው ከላይ የሚደረበው። መኪናቸውን ከመንገድ ዳር ገልጠው ያቆማሉ። ከመውጣታቸው በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ፈልገው ያገኛሉ። ሥራቸውን ያስረዳሉ፣ ስንት ሰው እንደሆኑ ይናገራሉ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጨርሱ ይናገራሉ። ሽማግሌዎቹ ወደሚመለከተው ሁሉ መልእክት ይልካሉ። አንዳንዴ አንድ ሽማግሌ አብሯቸው ሄዶ ታወሩ ሥር ጋቢውን አንጥፎ ይቀመጣል፤ እስኪጨርሱ አይነሣም።

«የኛ ዋስትና እሱ ነው» አለኝ ወዳጄ። «ወታደር አጅቦን ከሄድን ኢላማ እንሆናለን። ብቻችንን ከሄድን ማን ናችሁ እንባላለን። ሽማግሌው ካለ ግን የሰው እንግዳ ነን።»

ከዚያ አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ ከአእምሮዬ አልወጣም። መንደሩ መብራት ካለው ሽማግሌ ለማግኘት አይቸገሩም። ሕዝቡ ራሱ ገመድ ይጎትታል፣ ምሳ ያመጣል፣ ሌሊት ዕቃ ይጠብቃል። መስመሩ በላዩ ብቻ የሚያልፍበት መንደር ሲሆን ሰው ክፉ አይደለም፤ ግን ይቀመጣል። «የኛ አይደለም» ይላል። እውነቱን ነው!

የሰሜኑን ጦርነት ሁላችንም እናስታውሳለን። ትግራይ ከብሔራዊው መረብ ተቆርጦ ቆየ፤ ተከዜን የሚያህል ግድብ በአቅራቢያው እያለ ሕዝቡ ጨለማ ውስጥ ነበር። በሰሜን ወሎና በዋግም ሰው መብራት ሳያይ ወራት ቆጥሯል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም ጠጋኞቹ መግባት ቻሉ። መቐለ ከብሔራዊው መስመር ጋር የተገናኘችው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ወር እንኳ ብዙ አላለፈም። ቴክኒኩ ያን ያህል ከባድ አልነበረም ማለት ነው። የጎደለው ቡሎን ሳይሆን ሰላም ነበር።

ላይቤሪያዎች ከዚህ የከፋ አይተዋል። ማውንት ኮፊ የሚባል 64 ሜጋ ዋት ማመንጫ ነበራቸው። በ1990 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ተበላሸ። ሲዘርፉትም ሽቦ አልቀረ፣ መዳብ አልቀረ። ተጠግኖ እንደገና ያመነጨው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። 26 ዓመት! እዚያ የተወለደ ልጅ ያለ መንግሥት መብራት አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዷል። ከዚያም ከኮትዲቯር ተነሥቶ በላይቤሪያና በሴራሊዮን አልፎ ጊኒ የሚደርስ 1303 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የ225 ኪሎ ቮልት መስመር ተዘረጋ። ሦስቱ ላይቤሪያ፣ ሴራሊዮንና ኮትዲቯር ከእርስ በርስ ጦርነት የወጡ አገሮች ናቸው። ከተፈለገ እንደሚቻል የሚያሳይ ስለሆነ ለተማሪዎቼ ሁሌ እነግራቸዋለሁ።

ጦርነት የሌለበት ከተማም ከዚህ አያመልጥም። ጥቅምትና ኅዳር በኛ አካባቢ የቡና ለቀማ ነው። እሸት ቡና ተለቅሞ ሲመጣ በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ይፈላል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ጎማ ወረዳ ውስጥ አንድ መፈልፈያ ጣቢያ ምሽት ላይ መብራት ጠፍቶ አይቻለሁ። ገበሬዎቹ ቀዩን ቡና በጆንያ ይዘው ተሰልፈዋል። ናፍጣው አልቋል። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንዲት እናት ጆንያዋን ከፍታ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ መሞቁን ለማየት ነው። ከዚያ አሰረችና ተሸክማ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ፀሐይ ላይ አስጥታ ጀንፈል ታደርገዋለች። ቀይ ሆኖ ቢፈለፈል የሚያወጣውን ዋጋ ጀንፈሉ አያወጣላትም። መስመሩ የተበላሸው የት እንደሆነ እሷ አታውቅም። ልዩነቱን የከፈለችው ግን እሷ ናት።

ታዲያ ምን ይሁን? አንደኛ፣ ዋና መስመር የሚዘረጋ ፕሮጀክት ሁሉ መንደሮቹን አብሮ ይያዝ። አይቻልም የሚለኝ ባለሙያ ይኖራል። ይቻላል። ታወር አናት ላይ መብረቅ ለመከላከል የሚዘረጋ ሽቦ አለ። ያንን ሽቦ በስኒ ለይቶ በመካከለኛ ቮልት ኃይል እንዲሸከም ማድረግ ይቻላል። መስመሩ በሚያልፍባቸው መንደሮች ላይ በትንሽ ትራንስፎርመር ይወርዳል። ጋናዎች በሰሜናዊ ክፍላቸው በ161 ኪሎ ቮልት መስመሮች ላይ ሠርተውበታል። ለትልቅ ከተማ አይበቃም። ለአምፖል፣ ለጤና ኬላ ፍሪጅ፣ ለወፍጮ ግን ይበቃል። ይኼ ባይሆን እንኳ ከቅርቡ ሰብስቴሽን የ33 ኪሎ ቮልት መስመር መሳብ አለ። አገራችን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሻሻለችው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በ2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ዜጋ ለማድረስ፣ 65 በመቶውን በዋናው መረብ፣ 35 በመቶውን ከመረብ ውጪ አድርጋ አቅዳ ነበር። ዕቅዱ ውስጥ ከመስመር ሥር ያሉ መንደሮች ቀዳሚ ይሁኑ ነው የምለው። ለነሱ ቅርብ ነው፤ ይገባቸዋልም።

ሁለተኛ፣ ጥበቃውን ለአካባቢው ወጣት ስጡት። በየወሩ ታወር ቆጥሮ፣ ቡሎን አይቶ፣ የጎደለውን ፎቶ አንሥቶ የሚልክ ልጅ በቋሚ ደመወዝ ይቀጠር። የወደቀ ታወር ከማንሳት በብዙ ይረክሳል። ካሳውም ቁፋሮው ሳይጀመር ይከፈል፤ ጥላውን ያጣው ቡናም ይቆጠር።

ሦስተኛው ስለ ጠጋኞቹ ነው። ቀይ መስቀል የለበሰ ሰው ሲመጣ ተፋላሚዎች መንገድ መስጠት እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ሁሌ ባያደርጉትም። የመስመር ሠራተኛም እንዲሁ ሊታይ ይገባል። መስመር ጥገና የማንም ወገን ድል አይደለም። ሆስፒታሉም፣ የውኃ ፓምፑም፣ የሁለቱም ወገን እናት ቤትም የሚበራው በዚያው ሽቦ ነው።

ወዳጄ ባለፈው ሳምንት እንደገና ወደ ምዕራብ ሄዷል። ደውዬለት ነበር። የወደቁት ታወሮች ጥቂት ናቸው አለኝ። በጊዜያዊ የእንጨት ምሰሶ ሽቦውን አንሥተው ኃይሉን ለማሳለፍ ሁለት ቀን ይበቃቸዋል። ዕቃው መኪና ላይ ተጭኗል። ሽማግሌዎቹ መልእክቱን ልከዋል፤ መልሱን እየጠበቁ ነው።